የሰቦቃ መኪና ማንን ይጭናል

አቃቂ ባቡር ጣቢያ አካባቢ ሰቦቃን የማያውቅ አልነበረም። የሚታወቀውም ባለመኪና ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ እምቢ የማይል ሰው ስለሆነ ነው። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው። ሲያናግሩት መሬት መሬቱን ያያል፣ ሲጠይቁት «እሺ» ይላል። እሺ ያለው ነገር የማይሆን ከሆነ ሲገላበጥ ያድራል እንጂ ተመልሶ መጥቶ «አልችልም» አይልም።

አባቱ ከወንዙ ማዶ ያርሱ የነበሩ ገበሬ ናቸው። መሬቱ ለፋብሪካ ሲሄድ ለልጅየው የተረፈችው አንዲት ፈረስ ናት። በዚያች ፈረስ ጋሪ እየነዳ፣ ባቡሩ ከድሬዳዋ ያመጣውን ጨውና ሲሚንቶ ከጣቢያ እያነሳ ለባለሱቆች ሲያደርስ ኖረ። ከጋሪ ወደ መኪና የተሻገረው ፀጉሩ መሸበት ከጀመረ በኋላ ነው። መኪናዋ አሮጌ ፊያት ፒክአፕ ናት። ጋቢናዋ ከሹፌሩ ሌላ አንድ ሰው ብቻ ትይዛለች፣ ከኋላ ክፍት ናት፣ ጭነቱን ዙሪያውን የሚከልለው ስፖንዳዋ በአንድ ጎኑ በሽቦ ታስሯል።

በዚያን ጊዜ በሰፈሩ መኪና ያለው ሰው፣ መኪናው የእሱ ብቻ አይደለም። ሰው ሲሞት የእድሩ ጥሩምባ ይነፋል፤ ጥሩምባው ሳያባራ ሰቦቃ መጥረጊያ ይዞ የመኪናዋን ኋላ ይጠርጋል። መጀመሪያ ድንኳኑንና አግዳሚዎቹን ያመላልሳል። በቀብሩ ሰዓት ደግሞ ሳጥኑን ይጭናል፣ በሳጥኑ ዙሪያ ሴቶችና አቅመ ደካሞች ይወጣሉ። ሴቶቹ ሳጥኑን በእጃቸው ደግፈው እያለቀሱ እስከ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ። ለዚህ ማንም አይከፍለውም፣ እሱም ክፈሉኝ ብሎ አያውቅም።

የኢንሹራንስ ነገር የመጣው በቡልቻ በኩል ነው። ቡልቻ የሰቦቃ ሚስት የዳሲቱ ወንድም ነው። እሱም የጭነት መኪና ነበረው። ዱከም መንገድ ላይ ሠርገኛ ጭኖ ሲመለስ ተገለበጠበት። የሞተ አልነበረም፤ የተሰበረ ግን ብዙ ነው። ለሕክምና ሲባል፣ ለካሳ ሲባል በሬዎቹ ሄዱ፣ መኪናው ሄደ፣ ቆርቆሮ ቤቱ ሄደ። በመጨረሻ ቡልቻ ራሱ መጥቶ እህቱ ቤት ጥግ ይዞ ተቀመጠ። ዳሲቱ ጠዋትም ማታም ያንን ጥግ ታያለች።

«ለራስህ እድር አለህ» አለችው ባሏን አንድ ቀን። «ብትሞት ሜዳ ላይ አትቀርም። መኪናህ ሰው ብትጎዳ ግን ማን ይደርስልሃል?»

«ቀስ ብዬ ነው የምነዳው።»

«ወንድሜም ቀስ ብሎ ነው የሚነዳው። ይኸው ተቀምጧል፣ ጠይቀው።»

ቡልቻ ከጥጉ ሆኖ «ቀስ ብዬ ነበር» አለ።

ሰቦቃ ለቤተ ክርስቲያን የሚለብሳትን ኮት ለብሶ ፒያሳ ወደሚገኝ አንድ የኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት ሄደ። ያስተናገደው ካሳሁን የሚባል ከረባት ያሰረ ወጣት ነው። ትሑት ልጅ ነው፣ ቁጭ ይበሉ አለው። ሰቦቃ ኢንሹራንስን የመኪና እድር አድርጎ ነው የሚያስበው። ተሳስቷል ማለት ይቻላል፣ አልተሳሳተም ማለትም ይቻላል።

«አባላቱ ብዙ ናቸው?» ሲል ጠየቀ።

«የምን አባላት?»

«የሚያዋጡት።»

ካሳሁን ትንሽ አሰበ። «ብዙ ናቸው። ግን አይተዋወቁም።»

«አይተዋወቁም?»

«መተዋወቅ አያስፈልጋቸውም።»

ይህ ሰቦቃን ደስ አላለውም። ቢሆንም ወንበሩ ጫፍ ላይ እንደተቀመጠ ቀጠለ። «አንድ ነገር ቢደርስብኝ ማነው የሚመጣው?»

«ጉዳቱን የሚገምት ሰው እንልካለን።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ማንም አይመጣም አቶ ሰቦቃ። የሚመጣው ካሳው ነው።»

«ዓመቱን ሙሉ ምንም ባይደርስብኝስ? ያዋጣሁት ይመለሳል?»

«አይመለስም።»

«እሱስ እድርም አይመልስ» አለ ሰቦቃ። በዚህ ተግባቡ።

ካሳሁን ሁለት ዓይነት ውል እንዳለ አስረዳው። ሙሉ ሽፋን የሚባለው የራሱንም መኪና ይጨምራል፤ ቢገለበጥም፣ ቢቃጠልም፣ ቢሰረቅም። ሦስተኛ ወገን የሚባለው ግን የባለቤቱን መኪና አያይም። መኪናው በሌላ ሰው አካል ወይም ንብረት ላይ ላደረሰው ጉዳት ብቻ ነው።

«ሦስተኛው ማነው?»

«አንደኛው ወገን እርስዎ ነዎት። ሁለተኛው እኛ ነን። ሦስተኛው መንገድ ላይ የሚያገኙት ሰው ነው።»

«ባለቤቴስ ስንተኛ ናት?»

ካሳሁን ሳቁን ዋጥ አደረገ። «ባለቤትዎ ከእርስዎ ጋር ነው የሚቆጠሩት። ሦስተኛ አይደሉም።»

«መኪናው ውስጥ ብትሆንም?»

«መኪናው ውስጥ ከሆኑማ ጭራሽ።»

ሰቦቃ ማንበብ ይችላል፤ ግን ፊደሉን በከንፈሩ አንድ በአንድ እየለቀመ ነው። ሰው ፊት እንዲህ ማንበብ ስለሚያሳፍረው፣ ሳልፈርም ይዤው ልሂድና ላስብበት ብሎ ወረቀቱን ኮቱ ውስጥ ከተተ። ሰፈሩ ሲደርስም ሰው እንዳያየው የመኪናዋን ኮፈን ከፍቶ፣ ወረቀቱን ባትሪው ላይ ዘርግቶ ነበር የሚያነበው። የሚያልፈው ሁሉ «ምን ሆነች ደግሞ?» ይለዋል፣ እሱም «ትንሽ አሟት ነው» ይላል። ንባቡ ስላላለቀ መኪናዋ ሳምንቱን ታማ ሰነበተች።

ያስተዋለው ነገር ቢኖር፣ ውሉ የሚሸፍነው አጭር፣ የማይሸፍነው ግን ረጅም መሆኑን ነው። ጠጥቶ የነዳ አይሸፈንም፤ ሰቦቃ አይጠጣም። መኪናውን ለእሽቅድምድም ያዋለ አይሸፈንም፤ ፊያቷን ቀና ብሎ አየና ፈገግ አለ። ቀጥሎ ያለውን ግን ሁለቴ አነበበው። በጭነት መኪና ላይ ከጋቢና ውጭ የሚሳፈር ሰው አይሸፈንም ይላል። የቡልቻን ሠርገኞች አሰበ። ከዚያ ሳጥን ከበው የሚቀመጡትን ሴቶች አሰበ።

ተመልሶ ፒያሳ ሄደ።

«ትንሽ ልጨምርና ከኋላ የሚጫነውም ሰው ይግባልኝ» አለ።

«ክፍት መኪና ላይ ለሚጫን ሰው ውል አንሰጥም። በምንም ዋጋ» አለው ካሳሁን። «ጋቢና ለሚቀመጠው አንድ ሰው ግን መጨመር ይቻላል።»

«ብጭናቸውስ?»

«አደጋ ቢደርስ ለእነሱ አንከፍልም። ውሉን ስላፈረሱ ለሌላውም እምቢ ልንል እንችላለን።»

ሰቦቃ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ ሲያዞር ቆየ። «የሞተስ?» አለ በመጨረሻ።

«የቱ የሞተ?»

«ሳጥን ውስጥ ያለ። ወደ ቀብር የሚሄድ።»

ካሳሁን ብዕሩን አስቀምጦ ወደ ውስጠኛው ክፍል ገባ። በሩ ባይገጠም ኖሮ ሰቦቃ የአለቃውን ሳቅ ይሰማ ነበር። ሲመለስ ፊቱ ኮስተር ብሏል። «ሟች ተሳፋሪ አይደለም ብለዋል።»

«ዕቃ ነው ማለት ነው?»

«ዕቃ ነው አላሉም። ተሳፋሪ አይደለም ነው ያሉት። ይጫኑ።»

ሰቦቃ የሦስተኛ ወገኑን ውል ከጋቢናው ሰው ጋር መረጠ። ሙሉ ሽፋኑን የተወው ቡልቻን አይቶ ነው። ቡልቻን ያደኸየው የራሱ መኪና መሰበር አይደለም፤ የሰው መሰበር ነው። ፊያቷ ብትሰበር ወደ ጋሪ መመለስ ይቻላል፤ ጋሪው አሁንም ጓሮ ቆሟል። ስሙን ቀስ ብሎ ጻፈና ወጣ።

እንግዲህ የቀረው ለእድሩ መንገር ነው። እዚህ ላይ ነው ሰቦቃ የደከመው። የእድሩ ዳኛ አቶ ተሰማ ናቸው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የባቡር ትኬት ተቆጣጣሪ ነበሩ። ቀጥ ያሉ ሽማግሌ ናቸው፣ የባቡር ካፖርታቸውን ዛሬም አላወለቁም፣ ትኬት ሳይቆርጥ የተሳፈረን ሰው፣ ዘመድም ቢሆን፣ ባገኙት ጣቢያ ያወርዱ እንደነበር አቃቂ በሙሉ ያውቃል። በወሩ ስብሰባ «ሌላ ጉዳይ ያለው አለ?» ሲሉ የሰቦቃ እጅ ከፍ አለ። ሁሉም ዞሮ ሲያየው እጁ ጆሮውን አክኮ ተመለሰ።

በነሐሴ፣ ዝናቡ መንገዱን በጭቃ በለበጠበት ሰሞን፣ አቶ በቀለ የሚባሉ የቀድሞ የሐዲድ ሠራተኛ ሞቱ። ጥሩምባው ተነፋ። ሰቦቃ ድንኳኑንና አግዳሚዎቹን እንደ ልማዱ አመላለሰ። በቀብሩ ሰዓት ሳጥኑ ሲወጣም ተቀብሎ ጫነ፤ ከዚያ ግን ማንም አይቶት የማያውቀውን ነገር አደረገ። የጨው ከረጢት የሚያስርበትን ገመድ አውጥቶ ሳጥኑን ግራና ቀኝ አሰረው። አቶ ተሰማ እንደ ደንባቸው ጋቢና ገብተው ተቀምጠዋል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አጥብቀው መኪናዋ ኋላ ቆመዋል። ሰቦቃ ስፖንዳውን ዘጋ።

«ምን እያደረግክ ነው?» አሉ አቶ ተሰማ በመስኮት። «ሴቶቹ ይውጡ እንጂ።»

«አይሆንም።»

ቃሏ በጣም ቀስ ብላ ነው የወጣችው።

«ምን አልክ?»

«ኢንሹራንስ ገብቻለሁ። ከኋላ ሰው አይፈቅድም።»

«ሳጥኑን ማን ሊይዘው ነው?» አለች አንዷ።

«ገመዱ ይይዘዋል።»

«እንደ ጨው?»

ሰቦቃ መሬት መሬቱን አየ። ከሴቶቹ መሀል በላይነሽ የምትባለው፣ በለቅሶም ቢሆን ምላሷ የማይታሰረው፣ «ሟቹስ እንዴት ተፈቀደላቸው?» አለች።

«ጠይቄአለሁ። ይቻላል ብለውኛል።»

«ለመሳፈር መሞት አለብን በለኛ።»

ሳቅ የመጣበት ሁሉ ነጠላውን አፉ ላይ አደረገ። አቶ ተሰማ ግን አልሳቁም። «እድሩን አዋረድክ» አሉ። «ይህን ሁሉ ዘመን ስትጭን ኖረህ፣ ዛሬ በዚህ ጭቃ አሮጊቶቹን በእግራቸው ልትሰድ ነው? ክፈትና ይውጡ። በእኔ ይሁንብህ።»

ሰቦቃ እጁ ስፖንዳው ላይ ነው። እሺ ማለት በጣም ቀላል ነበር፤ ዕድሜውን ሙሉ ያለው እሱን ነው። ቢከፍት ማንም አይቀየመውም፤ ቁልቁለቱ ላይ ቢንሸራተት ግን ዳሲቱ ሁለተኛ ጥግ የላትም። ዙሪያውን ሲያይ ዓይኑ የአቶ በቀለ ባለቤት እማማ አሰጋሽ ላይ አረፈ። ጉልበታቸው አብጧል፣ ሁለት ሰው ደግፏቸዋል። ያን ጊዜ ወደ ጋቢናው ሄደና በሩን ከፈተ።

«ጋሽ ተሰማ» አለ፣ «ከኋላ ላሉት ትኬት የለኝም። ያለኝ የአንድ ሰው ትኬት ነው። እሱም የእማማ አሰጋሽ ነው።»

አቶ ተሰማ አዩት። ትኬት የሌለው ሰው ምን እንደሚደረግ በዚያ ሰፈር ከእሳቸው የበለጠ የሚያውቅ የለም። ካፖርታቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ የጋቢናውን በር ይዘው ወረዱ።

ፊያቷ በእግር መንገደኛ ፍጥነት ሄደች፤ ሕዝቡ ከኋላ በጭቃው እያለቀሰ ተከተለ። ሐዲዱ ጋ ሲደርሱ ባቡር እየመጣ ነበርና ሁሉም ቆሞ አሳለፈው። አቶ ተሰማ ባቡሩን እስኪጠፋ ድረስ በዓይናቸው ሸኙት። አንዱ ጫማቸው ጭቃ ውስጥ ቀርቶባቸው ነበር፤ በላይነሽ ናት ያወጣችላቸው።

በቀጣዩ ስብሰባ ሰቦቃ ይቀጣ ያሉ ነበሩ። አቶ ተሰማ ጨረሳችሁ ብለው ጠየቁ፣ ከዚያ «የትኬት ነገር ነው፣ ተዉት» አሉና ወደ ሌላ ጉዳይ አለፉ። ከዚያ ወዲህ ጋቢናው ለደከመው ሰው ሆነ፤ ማን እንደደከመ የሚለየው ደግሞ ሰቦቃ ነው። መጀመሪያ ላይ ላብ ላብ ይለው ነበር፣ በኋላ ለመደው። አሁንም ድምፁ ዝቅ ያለ ነው።

ኢንሹራንሱንም በየዓመቱ ያድሳል። በዚያ ሁሉ ዘመን አንዴ ብቻ ነው የጠየቃቸው፤ ፍሬኗ ላልቶ ወደ ኋላ ተንሸራታ የአንድ ጠጅ ቤት አጥር ስትጥል። እውነትም ገማቹ ብቻውን መጣ፣ አጥሩ ተከፈለ፣ የመኪናዋን መብራት ግን ሰቦቃ ከኪሱ አሠራ። ቡልቻ ያን ቀን ከጥጉ ተነስቶ አጥሩ ሲተከል ቆሞ አየ።

አቶ ተሰማ በሰቦቃ መኪና ዳግመኛ አልተቀመጡም። «ጋሽ ተሰማ፣ ዛሬ ጋቢናው ባዶ ነው» ቢላቸውም፣ «እግር አለኝ» ብለው ከኋላ ይከተላሉ። ከጥቂት ዓመት በኋላ፣ በጥቅምት፣ ጥሩምባው ለእሳቸው ተነፋ። ሰቦቃ መኪናዋን ጠረገ። ሳጥኑን ተቀብሎ በገመዱ አሰረ፣ ካፖርታቸውን ከላይ አለበሰው። ባለቤታቸውን ወይዘሮ የሺሐረግን ደግፎ ጋቢና አስገባ። ስፖንዳውን ዘጋ። ሰዉ ሳይነገረው ከመኪናዋ ኋላ ተሰልፎ ነበር።