ከበኩራቱ በፊት የተበላ እሸት

ልጅ እያለሁ፣ ጉኑኖ አጠገብ ባለው መንደራችን፣ የበቆሎ እሸት እየታየ የማይበላበት ሳምንት ነበር። ከማሳው ቀድሞ የደረሰው፣ ፍሬው የሞላው፣ የእግዚአብሔር ነው፤ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሳይገባ ጥርስ አያርፍበትም። እናቴ ምርጥ ምርጡን አገዳ የእንሰት ቃጫ ታስርበታለች። ምልክቱን የጎረቤት ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ለሆዳም ልጅ ከባድ ሳምንት ነው፤ እኔ ደግሞ ሆዳም ነበርኩ።

የሚያከብደው ወሩ ሰኔ መሆኑ ነው። ስኳር ድንቹ አልቋል፣ ጎተራው ባዶ ነው፣ ጠዋትም ማታም ሃላኮ፣ የሽፈራው ቅጠል ነው። አንድ ዓመት በዚህ ላይ ወባ ጣለኝ። ትኩሳቱ ቢለቀኝም ቅጠሉ አልወርድ አለኝ። አባቴ ሲያየኝ ሰነበተና ዓርብ ዕለት እናቴ ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ ማሳው ውስጥ ገባ። ከታሰሩት በቀር ሌላው ገና ውሃ ነበር፤ ስለዚህ ከታሰሩት አንዱን ቆርጦ አመጣ። ጠብሶ፣ እየፈለፈለ በእጁ አጎረሰኝ። እንደዚያ የጣፈጠኝ ምግብ ከዚያ ወዲህ አላስታውስም።

እናቴን ሽታው ደጅ ላይ ተቀበላት። እንስራዋን አወረደች፣ የተፈለፈለውን ቆረቆንዳ አየች። አባቴን፣ «ከእግዚአብሔር ቀድመን በላን» አለችው። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ሳይነጋገሩ እሑድ ደረሰ። እኔ ተኝቼ የማስበው አንድ ነገር ነበር፤ እግዚአብሔር በእኔ ምክንያት ማሳችንን ይረግመው ይሆን? እናቴም የፈራችው ይህንኑ ነበር።

እሑድ የቀሩትን ምርጦች ተሸክማ፣ የእኔንም እጅ ይዛ ሄደች። መድረኩ ፊት ከማስቀመጧ በፊት፣ ስጦታ ለሚቀበሉት ሽማግሌ የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው። እሳቸውም ገበሬ ናቸው፤ በሰኔ ምን እንደሚበላ አይጠፋቸውም። የከሳ አንገቴን አዩና፣ «እሸቱ የእሱ ከሆነ፣ ልጅቷስ የማን ናት?» አሏት።

እናቴ አለቀሰች። እኔም ከሰማሁት ይልቅ እሷ ስታለቅስ አይቼ አለቀስኩ። ቤት ስንመለስ ከአባቴ ጋር ታረቁ፤ እሸቱም ለሁላችን ተፈቀደ። እሷ ግን የዚያን ዓመት እሸት ሳትቀምስ ከረመች። እኛ ጠግበን ቆረቆንዳ ስንወራወር እሷ ቅጠሏን ትበላ ነበር። ሽማግሌው የማሩትን እሷ ለራሷ አልማረችም። ግትር ሴት ነበረች፤ በጣም ትናፍቀኛለች።

አሁን የምኖረው ሶዶ ነው። ደመወዝ እንጂ ማሳ የለኝም። የበኩራት እሑድ ሲደርስ እንደ ከተሜው ሁሉ በኩራቴን ከገበያ እገዛለሁ፤ እናቴ ብትሰማ ምን እንደምትል አላውቅም። ዘንድሮም ከገሱባ እሸት ይዛ ከመጣች ሴት ፊት ቁጢጥ ብዬ ስመርጥ፣ ለቤተ ክርስቲያን ስለሆነ ከደህናው እንድትሰጠኝ ለመንኳት።

«እህቴ፣ ደህናውንማ ባለፈው እሑድ ለእግዚአብሔር ሰጥቼዋለሁ» አለችኝ። «ይሄ ከእሱ የተረፈው ነው።»

እናቴ ተርባ የመጀመሪያውን ሰጠች። እኔ ጠግቤ፣ ከሴትየዋ ትራፊ ትልልቁን መርጬ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ።