ከእግረኛ ራስ በላይ ያለ መስኮት

አክስቴ በጋይንት ደጋ፣ ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ምግብ ቤት አላት። ቤቷ ሰፊ ነው፤ መስኮቶቹ ግን ሁለት ብቻ ሲሆኑ መዝጊያቸውም ጣውላ ነበር። ሲከፈቱ ብርድ ይገባል፣ ሲዘጉ ይጨልማል። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ዘግታ፣ ለሙቀቱ ከሰል፣ ለብርሃኑ ላምባ ታነዳለች። «የማተርፈውን ጭስ ይበላዋል» ትል ነበር። በዚሁ ከቀጠለ ቤቱን ዘግታ ወንድሟ ዘንድ ልትገባ ነው። ወንድሟ አባቴ ነው። እሷና እናቴ በአንድ ጣራ ሥር እንዲኖሩ የሚመኝ ሰው ደግሞ በዘመዶቻችን መካከል አላውቅም።

ዩኒቨርሲቲ በገባሁ በሦስተኛው ወር፣ ስለ ንግድ ቤቶች አሠራር የሚናገር መጽሐፍ ከቤተ መጻሕፍቱ አገኘሁ። መስኮት በሁለት መስታወት ተሠርቶ መካከሉ አየር ከተዘጋበት ብርሃን ያስገባል፣ ሙቀት ግን አያስወጣም ይላል። በጥንቃቄ ገለበጥኩት፣ ሥዕሉንም በማስመሪያ ሳልኩና ለአክስቴ ላክሁላት።

ለመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት ስደርስ አንድ በሬ ሸጣ፣ አራት መስታወት ጭድ ውስጥ አስቀብራ፣ ከደብረ ታቦር በበቅሎ አስመጥታ ጠበቀችኝ። አናጢው ሥዕሌን አገላብጦ አየ።

«ይህ አንደኛው፣ ይህ ሁለተኛው። መሐላቸው ምንድን ነው የሚገባው?»

«ምንም» አልኩት። «አየር ነው። የቆመ አየር።»

ወደ አክስቴ ዞረ። «እትዬ፣ ግማሽ በሬ ለምንም አውጥተዋል።»

«አንተ ሥራህን ሥራ። ልጁ ተምሯል።»

«ይታያል። ያልተማረ ቢሆን አንዱ ይበቃኛል ይል ነበር።»

ቢሆንም በደንብ ሠራው። ጠርዙን ሁሉ በንብ ሰም ደፈነው። በማግስቱ ጠዋት ቤቱ ብርሃን ሆነ፣ ብርዱም ውጭ ቀረ። አክስቴ ከሁለቱ ምድጃዎች አንዱን አጠፋች። እኔም ይህን በደብተሬ ጻፍኩ።

ጊዜው እህል ከአውድማ የገባበት፣ ገበሬው ከእርሻ ወደ ሙግት የሚዞርበት ነው። እኩለ ቀን ላይ ችሎት ሲነሣ አንድ የስማዳ ባለጉዳይ ሁለት ሰዎች አስከትሎ ገባ፣ ጥብስም አዘዘ። ሳህኑ ሲቀርብ መስኮቱን አየ። ተነሥቶ ጋቢውን በመስታወቱ ላይ ዘረጋና በአንድ እጁ ይዞ በሌላው ሊበላ ሞከረ።

«ምን ሆኑ?» አልኩት።

«ዓይን አለ፣ ልጄ። እህል በባዳ ዓይን አይበላም።»

ይህን ማወቅ ነበረብኝ። በአገራችን ሰው ሲበላ ይጋረዳል፤ ትልቅ ሰው ሲሆን ደግሞ ነጠላ ይዞ የሚቆምለት አለ። መጽሐፉ ግን ስለዚህ ምዕራፍ አልነበረውም። ቀስ ብዬ እንዳስተዋልኩት ደግሞ፣ ዓይን አብዝተው የሚፈሩት ጉዳይ ያላቸው ነበሩ። ከስማዳው ሰው ጋር የሚበሉት ሁለቱ ከሰዓት በኋላ የሚመሰክሩለት ናቸው። ከመስታወቱ ማዶም ባላጋራው ቆሞ ሳህን ይቆጥራል።

በሁለተኛው ቀን ደንበኞቹ መስኮት የሚባል ወደሌለው ወደ ጎረቤት ምግብ ቤት ሄዱ። በሦስተኛው ቀን አክስቴ በመስታወቶቹ ላይ ብርድ ልብስ ሰቀለችና በቀትር ፋኖስ አበራች። አናጢው ለምሳ ብቅ ብሎ አየው።

«ጥሩ ነው» አለ። «መሐላቸው ያለው ‹ምንም›ም ይበርደዋል።»

አክስቴ አልሳቀችም። እኔም መሳቅ አልቻልኩም፤ በሬው ትዝ ይለኝ ነበር። እሷ ግን ጣሪያውን ስታይ ቆየች።

«ወደ ላይ አውጣቸው» አለችው። «ቁመተ ረጅም ሰው በጣቶቹ ቆሞ እንዳይደርስባቸው።»

አናጢው ከጣሪያው ሥር ግድግዳውን ቀደደ፣ የድሮውን ቀዳዳ በጭቃ መረገ። ብርሃኑ ከላይ ይወርድ ጀመር። ደጅ ያለ ሰው ምንም አያይም። ፋኖሱ ጠፋ፣ ባለጉዳዮችም አንድ ሁለት እያሉ ተመለሱ። ከእግረኛ በቀር በመንገዱ የሚያልፍ መኖሩን ማናችንም አላሰብንም።

በሳምንቱ ዳኛው በበቅሏቸው ወደ ቤታቸው ሲያልፉ ራሳቸው ከመስኮቱ እኩል ሆነ። ወደ ውስጥ አዩ። በዚያች ቅጽበት የስማዳው ሰው ለችሎቱ ጸሐፊ ትልቅ ጉርሻ እያጎረሰ ነበር። ጸሐፊው ዳኛውን አየ፤ ግን አፉ ሞልቶ ነበርና መነሣትም መዋጥም አልቻለም። አክስቴ ጭልፋዋን እንደያዘች ቀረች። ዳኛው ከተቀየሙ የፍርድ ቤት እግር ከዚህ ቤት ይቀራል፤ ያኔ የሚቀራት የወንድሟ ቤት ነው።

ዳኛው ከበቅሎ ወረዱና ገቡ። ሁሉም ተነሣ። መቀመጫዎቹን አንድ በአንድ ተመለከቱ፣ ቀና ብለው መስኮቱን በዓይናቸው ለኩ፣ ከዚያም በቀጥታ ከሥሩ ካለው መደብ ተቀመጡ። ከበቅሎ ላይ የማይታየው ቦታ እሱ ብቻ ነው።

«እዚህ ብርድ አይወርድም?» አሉ።

«አይወርድም፣ ጌታዬ» አልኩ ፈጥኜ። «ሁለት መስታወት ነው፤ መሐሉ አየር ተዘግቶበታል።»

«ደግ። ቅቅል አምጡ።»

የስማዳው ሰው ጋቢውን ይዞ ቀረበ። «ልጋርድዎ፣ ጌታዬ?»

መልስ ሳያገኝ ባላጋራው ከደጅ ገብቶ የጋቢውን ሌላ ጫፍ ያዘ። ሁለቱ ስለ ድንበራቸው ሦስት ዓመት የተሟገቱ ናቸው። ቅቅሉ እስኪያልቅ ድረስ አንዱ ከሌላው ዝቅ ሳያደርግ፣ እኩል ወጥረው ቆሙ።

ከዚያ ወዲህ ዳኛው የሚበሉበት የአክስቴ ቤት ቦታ አይገኝበትም። አንዱ ምድጃ እንደጠፋ ነው፤ ላምባም ጀምበር ስትጠልቅ እንጂ አይበራም። ጎረቤቷ አናጢውን ጠርታ «እንደዚያችኛው አድርገህ ሥራልኝ» ብትለው፣ «መስታወቱን እሠራለሁ፤ ዳኛውን ግን ከየት ላምጣ?» አላት አሉ።

እናቴ ስለ መስኮት የምታውቀው የለም። አክስቴ ወደ እኛ ቤት እንደማትመጣ የሰማች ቀን ግን ጠርታ ግንባሬን ሳመችና «ተማር ልጄ፣ ገና ብዙ ተማር» አለችኝ።