የለቅሶው ድስት

ልጄ ሲ.ኤም.ሲ አካባቢ የጠበቆች ቢሮ ውስጥ ትሠራለች። ሥራዋ የውጭ አገር ኩባንያዎችን ወክሎ ከመንግሥት ጋር መነጋገር ነው፤ ፈቃድ ሲዘገይ ትጠይቃለች፣ አዲስ ሕግ ሲወጣ ለፈረንጆቹ ታስረዳለች። እኔ ከአራተኛ ክፍል የቀረሁት፣ መኪና እንኳ ሳይኖረኝ ትራፊክ ፖሊስ ሳይ መንገድ እቀይራለሁ። እሷ ግን በየጠዋቱ ተኳኩላ መንግሥትን ልታነጋግር ትወጣለች።

ባለፈው ክረምት የአንድ ፈረንጅ ፈቃድ አንድ ኃላፊ ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ ነበር። ኃላፊው የሰፈራችን ልጅ ነው። እናቱ ከእኛ ከፍ ብሎ፣ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ላይ ነበር ቤቷ፤ እድራችንም አንድ ነው። ምን ይደረግ፣ ፈቃዱ ሳይፈረም ሞተች።

"እማዬ፣ እዚያ ቤት ምግብ ይዘሽ እንዳትሄጂ" አለች ልጄ። "ጉዳያችን እጁ ላይ ላለ ባለሥልጣን ምንም አይሰጥም፤ የቢሮው ደንብ ነው። እባረራለሁ። ሲብስም እታሰራለሁ።"

"ምስር ወጥ ነው እኮ።"

"ምስርም ቢሆን!"

"ተራው የኔ ነው። ለቀስተኛው ምን ይብላ፣ ደንባችሁን?"

እንዲህ ልበል እንጂ ድስቱን ሁለቴ አንስቼ ሁለቴ መልሼ አስቀምጫለሁ። ግን ሟቿ አራስ ሳለሁ ገንፎ ያገነፋችልኝ ሴት ናት፤ የእድርተኛው አፍ ደግሞ ከመንግሥትም ይከፋል። ድስቴን በነጠላ ሸፍኜ፣ እንደ ሌባ ዞር ዞር እያልኩ ዳገቱን ወጣሁ።

ድንኳኑ ውስጥ ኃላፊው ተነስቶ ተቀበለኝ። ልጅ ሳለ ስንቴ ንፍጡን ጠርጌለታለሁ! ፈራሁና "እግዚአብሔር ያጽናዎት" አልኩት።

"ምነው እትዬ፣ እኔን አንቱ ይሉኛል?" አለ እንባውን እየጠረገ። "ልጅዎ ደህና ናት?"

"የትኛዋ?" አልኩ። ያለችኝ አንድ ናት።

ከሰልስት በኋላ እህቱ ድስቴን መለሰችልኝ። ዕቃ መቼም ባዶውን አይመለስ፣ ቆሎ ሞልታዋለች። ልጄ ከሥራ ገብታ ስታየው እዚያው ወንበር ላይ ዘፍ አለች። "ሰጥተን አልበቃ ብሎን ጭራሽ ተቀበልን!"

በነጋታው ለአለቃዋ ተናገረች፤ ጠበቆቹም ተሰበሰቡ። ድስቱም ይቅረብ ተባለ። እኔ ቤቴ ሆኜ ለእስር የምትለብሰውን ሹራብ እመርጣለሁ፤ እነሱ ለካ ቆሎውን እየቆረጠሙ ስጦታ ነው፣ አይደለም ይከራከራሉ። በመጨረሻ ከፈረንጁ ጉዳይ ትነሳ፣ ሥራዋን ግን ትቀጥል አሉ። ማስረጃው አልቆ፣ ድስቴ ባዶውን መጣ። ይህን ሁሉ ተምረው ዕቃ ባዶውን ይመልሳሉ!

ፈቃዱ እስካሁን አልወጣም። ያን ሰሞን ወጥቶ ቢሆን ምስሬ ነው ያስወጣው ይባል ነበር። እና ቤተ ክርስቲያን ስሳለም ለሟቿ ነፍስ፣ ለልጄ ጤና ከለመንኩ በኋላ፣ የፈረንጁን ነገር ትንሽ አቆይልኝ እላለሁ፤ የድስቱ ወሬ እስኪበርድ።