የውሃ አባት ቂም

ልጄ ዜሮ ያገኘችበት የፈተና ወረቀት እስካሁን በጥገና ቤቴ መሳቢያ ውስጥ፣ ከመፍቻዎቼ ሥር ተኝቷል። ልጆቼን ያሳደግኋቸው «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» እያልሁ ነው። እንዲያም ሆኖ ወረቀቱን አልጣልሁትም። ያልጣልሁበትን ምክንያት አውቀዋለሁ፤ ይህን የምጽፈውም ራሴን ለማመስገን አይደለም።

ኮምፒውተር የተማርሁት አርባ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው። ያደግሁት ከሮብ ገበያ ወጣ ብሎ፣ ከጮቄ ተራራ የሚወርድ ውሃ በሚያጠጣው መንደር ነው። ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም። ደብረ ማርቆስ ገብቼ በአንድ መሥሪያ ቤት በታይፕ መኪና ደብዳቤ እጽፍ ነበር። ታይፑ ቀርቶ ኮምፒውተር ሲመጣ ወጣቶቹ ለሥልጠና ተላኩ፤ እኔን ግን «እርስዎን አናድክምዎ» ብለው ተዉኝ። ያችን ቃል ቋጥሬ ያዝሁ። አንድ ወፍራም የእንግሊዝኛ መጽሐፍና አንድ መዝገበ ቃላት ገዛሁ፤ ከሥራ መልስ በቀን አንድ ገጽ፣ አንዳንዴም ግማሽ ገጽ እያልሁ አነበብሁ።

ከሁሉ ያስቸገረኝ ኦፕሬቲንግ ሲስተም የሚሉት ነው። ደብዳቤ የሚጽፈውን ፕሮግራም አየዋለሁ፤ ሒሳብ የሚሠራውንም አየዋለሁ። ይህ ግን ምንም ሲሠራ አይታይም፤ መጽሐፉ ደግሞ ያለ እሱ ምንም አይሠራም ይላል። ሁለት ወር ያህል ግራ ሲያጋባኝ ከቆየ በኋላ አንድ ቀን አባቴ ትዝ አለኝ።

አባቴ የውሃ አባት ነበር። በበጋ ምንጩ ሲያንስ ገበሬው ድንቹን የሚያጠጣው በተራ ነው፤ ተራውን የሚሰጠው መንደሩ የመረጠው አንድ ሰው ነው። የውሃ አባት የማንንም ድንች አይተክልም፣ አይኮተኩትም። ቦዩን ይከፍታል፣ ይዘጋል። የእያንዳንዱን እርሻ ድንበር ያውቃል፤ የአንዱ ውሃ ወደ ሌላው እንዳይገባ ይጠብቃል። ከእሱ በቀር ማንም ዋናውን ቦይ አይነካም፤ የፈለገ ሁሉ ለእሱ ይነግራል። እሱ ባይኖር ጉልበተኛው ሁሉን ወስዶ የደካማው ማሳ ይደርቅ ነበር።

እንዲህ ሳስበው መጽሐፉ ወለል ብሎ ተገለጠልኝ። ፕሮግራሞቹ ገበሬዎች ናቸው። የሚሻሙበት ፕሮሰሰር ውሃው ነው፤ ሚሞሪው ማሳው ነው። ኦፕሬቲንግ ሲስተም የውሃ አባት ነው። በአንድ ደብተር ላይ ይህን ሁሉ በአማርኛ ጻፍሁ። በመጀመሪያው ገጽ ላይ «የውሃ አባት ጠላት የለውም» ብዬ በትልቁ ጻፍሁበት። ኋላም ሥራዬን ለቅቄ የኮምፒውተር ጥገና ቤት ከፈትሁ፤ ልጄ ያደገችው በዚያ ደብተር ነው። አሥር ዓመት ሳይሞላት የሞተ ማሽን ስታስነሣ አይቻለሁ። ኮሌጅም ኮምፒውተር ሳይንስ ገባች።

በሁለተኛው ዓመት መምህሯ «የኦፕሬቲንግ ሲስተምን ተግባር አብራሩ» ብሎ ፈተነ። እሷም የአያቷን ሥራ ምሳሌ አድርጋ፣ በራሷ እንግሊዝኛ አብራርታ ጻፈች። መምህሩ መልሷን በተማሪ ፊት ጮክ ብሎ አነበበው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። በወረቀቷ ላይ ትልቅ ዜሮ አድርጎ ሰጣት።

ቢሮው ሄድሁ። ኮቴን ለብሼ፣ ደብተሬን ይዤ።

«መምህር፣ ስህተቱ የቱ ላይ ነው?» አልሁት።

«አባባ፣ መጽሐፉ ላይ የለም።»

«ሐሳቡስ?»

«ሐሳቡ የገበሬ ነዋ!» ብሎ ሳቀ። ደብተሬን በሁለት ጣቱ ገልጦ ከደነው። «ይሄ ሳይንስ ነው። እርስዎ ይሂዱና ድንችዎን ያጠጡ።»

በዚያው ሰሞን ልጄ ትምህርቱን ተወች። መድኃኒት ቤት ተቀጠረች። ሦስት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ምሳዬን ጥገና ቤት ድረስ ታመጣልኝ ነበር፤ አንድም ቀን ግን ኪቦርድ አልነካችም። «ነይ እስቲ ይህን እዪልኝ» ስላት፣ «እኔ ምን አውቃለሁ፣ አባባ» ትለኛለች። አያቶቼ ቢሆኑ ለእንዲህ ያለ ነገር ጠመንጃ ያወርዱ ነበር። እኔ ጠመንጃ የለኝም። መሳቢያ ውስጥ ወረቀት ነበረኝ፤ ጠበቅሁ።

አንድ ዓርብ ጧት አራት ሰዓት ላይ መምህሩ ራሱ በጥገና ቤቴ በር ገባ። አላወቀኝም። ፊቱ አመድ መስሎ ላፕቶፑን ታቅፎታል።

«ጋሼ፣ እዚህ ከተማ ጠፍቶ የተገኘ ፋይል ካለ እርስዎ ጋ ነው ብለውኝ ነው» አለ። «የሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያ ጽሑፌ ነው። አምስት ምዕራፍ። ረቡዕ ዕለት ፎልደር ሳጸዳ አብሬ አጠፋሁት። ሌላ ቅጂ የለኝም።»

«ከጠፋ ወዲያ ምን አደረጉ?»

«ትናንት የፋይል መመለሻ ፕሮግራም ከኢንተርኔት አውርጄ ጫንሁበት። አልሠራም።»

«እዚያው ዲስክ ላይ?»

«አዎ፤ ታዲያ የት?»

ይህን ሲለኝ በልቤ ሳቅሁ። ኦፕሬቲንግ ሲስተም አስተማሪ ነው እኮ! ፋይል ሲጠፋ የሚፋቀው ከመዝገቡ ላይ ስሙ ብቻ ነው። ድንቹ ከመሬት ውስጥ አለ። የውሃ አባቱ «ይህ ቦታ ባለቤት የለውም» ብሎ ይመዘግባል እንጂ አይቆፍረውም። አዲስ ሰው መጥቶ መሬት ሲጠይቅ ግን ያንኑ ይሰጠዋል፤ አዲሱ ሲያርስ የድሮው ድንች ያን ጊዜ ይጠፋል። ስለዚህ ፋይል የጠፋበት ሰው የመጀመሪያ ሥራው ማሽኑን አጥፍቶ እጁን መሰብሰብ ነው። እሱ ድንቹ በተቀበረበት ማሳ ላይ ራሱ በሬ አስገብቶበታል።

«ሰኞ ይምጡ» አልሁት። እግዜር ይስጥልኝ እያለ፣ እጅ እየነሣ ወጣ።

እንግዲህ ያደረግሁትን ልጻፍ። ማሽኑን ማጥፋት ነበረብኝ፤ አላጠፋሁትም። የኢንተርኔቱን ገመድ ሰካሁለት። ለወራት ያላገኘው አፕዴት፣ ማሽኑ ራሱን የሚያድስበት ብዙ አዲስ ፋይል፣ ነበር፤ ማሽኑ እንደተራበ በሬ ተቀበለው። የእሱን ጽሑፍ በጣቴ አልነካሁም፤ አንድም ቃል አልደመሰስሁም። ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ሥራውን ሠራ፤ ባለቤት የሌለውን መሬት ለአዲስ ገቢው አደለ። እኔ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ መቶኛው ሲጨምር አየሁ። ሃያ። አርባ። የዚያን ያህል ደስ ያለኝ ቀን ትዝ አይለኝም። ልጄን ብድር እንኳ እንዲህ ደስ አይለኝም ብዬም አሰብሁ፤ ያሰብሁትን መደበቅ አልችልም።

ሰባት ሰዓት ላይ ልጄ ምሳ ይዛ መጣች። ሳህኑን ሳታስቀምጥ ላፕቶፑን አየችው። ክዳኑ ላይ የኮሌጁ ምልክት የተለጠፈበትን፣ ጥጉ የተሰበረውን፣ ክፍል ውስጥ ሁለት ዓመት ያየችውን። ከዚያ መቶኛውን አየች።

«ይሄ የሱ ነው።»

መፍቻዬን አንሥቼ መወልወል ጀመርሁ።

«ምኑ ተበላሽቶ ነው የመጣው?»

«ፋይል ጠፍቶበት።»

«ፋይል ጠፍቶበት ነው አፕዴት የሚሠራው?»

«ራሱ ነው የሚሠራው። እኔ አልነካሁትም።»

ሳህኑን አስቀመጠች። አየችኝ፤ ዓይኗ የእናቷ ነው፣ አይሸሽም። «አባባ፣ አያቴ የጠላቱን ቦይ ዘግቶ ያውቃል?»

በደብተሬ የሌለ አንድ ታሪክ አለ። አባቴ ከአንድ ጎረቤታችን ጋር በድንበር ተጣልቶ ነበር። በዚያ በጋ የዚያ ሰው ተራ ሲደርስ አባቴ ቦዩን አልዘጋም። ዝም ብሎ ሳይከፍት ቀረ። ማኅበር ብሎ ሄዶ ጠላ ሲጠጣ ዋለ። እንዲህ እያለ ሦስት ተራ አለፈ፤ የሰውየው ድንች ቅጠሉ ተጠቅልሎ ደረቀ። ሽማግሎች ሲጠይቁት «እኔ ምን አደረግሁ? አልዘጋሁበትም» አለ። ሽማግሎቹም አልተከራከሩትም። ቦይ የሚከፍትበትን ዶማ አስመጡና ለሌላ ሰው ሰጡ። ዶማውን ተሸክሜ ያመጣሁት እኔ ነበርሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስኪሞት የውሃ አባት ብሎ የጠራው የለም፤ ከእኔ ደብተር በቀር።

ይህን ነገርኋት። ለምን እንደነገርኋት አላውቅም፤ ልዋሻት ስችል።

ጎንበስ ብላ ገመዱን ነቀለች፤ ባትሪውንም አወጣች። ከሦስት ዓመት በኋላ ማሽን ስትነካ ያየሁት ያን ቀን ነው። «ዲስኩን ያውጡት» አለችኝና ወደ ሥራዋ ሄደች።

አወጣሁት። በሌላ ማሽን ላይ፣ እንዲነበብ እንጂ እንዳይጻፍበት አድርጌ ቅዳሜንና እሑድን ቆፈርሁ። አራቱ ምዕራፍ ከነገጹ ወጣ። አምስተኛው ጥቂት ገጽ ሄዶ ይቆማል፤ ከዚያ ወዲያ የአፕዴቱ ስብርባሪ ነው። ድንቹ ተነቅሎ ሌላ ተዘርቶበታል።

ሰኞ መጣ። እኔ ግን ገና አልጠገብሁም ነበር።

«ከመስጠቴ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አልሁት። «የኦፕሬቲንግ ሲስተም ተግባር ምንድን ነው?»

ደንግጦ በእንግሊዝኛ ወረደው፤ እንደ ዳዊት ደጋሚ፣ ትንፋሽ ሳይወስድ።

«በአማርኛ ይበሉኛ። እኔ ገበሬ ነኝ።»

ጀመረ፤ ተወው። እንደገና ጀመረ። ግንባሩ ላበው። እኔ ሻይ አዝዤ ሻዩ እስኪመጣ ዝም ብዬ አየሁት። ከዚያ አራቱን ምዕራፍ በፍላሽ ሰጠሁትና «አምስተኛውን ያን የጫኑት ፕሮግራም በልቶታል» አልሁት።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ፣ አንገቱን ደፍቶ።

አፌ ውስጥ ማር ሆነ። በዚህ መካከል በር ላይ ስትሰማን የቆየችው ልጄ ምሳ ይዛ ገባች። ቀና ብሎ አያት፤ አላስታወሳትም።

«መምህር፣ አንድ ጊዜ» ብላ ዲስኩ የተያያዘበትን ማሽን ወደ ራሷ አዞረች። ኦፕሬቲንግ ሲስተም የሠራውን ሁሉ ከነሰዓቱ የሚመዘግብበት መዝገብ አለው። ከፈተችው። «የእርስዎ ፕሮግራም ሐሙስ የገባው ነው፤ ይዩት፣ ትንሽ ነው። ይሄ ትልቁ ደግሞ ዓርብ ከአራት ሰዓት እስከ ሰባት ሰዓት የገባው ነው። እዚህ ጠረጴዛ ላይ።»

ሰውየው መዝገቡን አየ። ከዚያ እኔን። «ለምን?» አለኝ።

«ድንቼን ሳጠጣ ነበር» አልሁት።

ቀስ ብሎ ገባው። ወደ ልጄ ዞረ። «አንቺ…»

«አዎ። ዜሮዋ።»

ፍላሹን ኪሱ ከተተ፤ ላፕቶፑንና ዲስኩን አነሣ። ይከሰኛል፣ ይሰድበኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። በሩ ላይ ሲደርስ ቆመና ለእሷ ብቻ፣ «መልስሽ ልክ ነበር። ያን ጊዜም አውቄው ነበር» ብሎ ወጣ።

አለማወቁን ይቅር ልለው እችል ነበር። እያወቀ ነው ለካ! በሩ ገና ሳይገጠም እንደገና ነደድሁ። አራቱንም ምዕራፍ በሰጠሁት ተጸጸትሁ። ይህን ለልጄ ነገርኋት፤ ሳህኖቹን ሰብስባ ሄደች።

በማግስቱ የራሴን ማሽን ሳበራ ፕሮግራም ልጭን ብል የአስተዳዳሪ ፓስወርድ ጠየቀኝ። አስገባሁ። አይደለም አለኝ። ደግሜ አስገባሁ። አይደለም። በሰባት ሰዓት ስትመጣ፣

«አንቺ ነሽ?» አልኋት።

«እኔ ነኝ።»

«በገዛ ማሽኔ?»

«እርስዎ ከዛሬ ጀምሮ ተራ ተጠቃሚ ነዎት፣ አባባ። ይጽፋሉ፣ ያትማሉ። ቦዩን ግን አይነኩም።»

ተቆጣሁ፤ ጠረጴዛ መታሁ። እሷ ቆማ ጠበቀችኝ። ሽማግሎቹ አባቴን እንደጠበቁት። በኋላ ቁጣዬ ሲያልቅ ወንበሬን ሳበችና ተቀመጠችበት፤ የመጣውን ጥገና ሁሉ አንድ በአንድ ጠየቀችኝ።

አሁንም መድኃኒት ቤት ትሠራለች። አሁንም ወረቀቱ መሳቢያዬ ውስጥ ነው፤ ሰውየውን በመንገድ ሳየው አሁንም መዳፌ ይበላኛል። አንድ ነገር መጫን ሲያስፈልገኝ ግን እስከ ሰባት ሰዓት እጠብቃለሁ። ትመጣለች፤ ሳህኑን ታስቀምጣለች፤ እጇን ኪቦርዱ ላይ ታደርግና «ዞር ይበሉ» ትለኛለች።

ዞር እላለሁ።