የዝናቡ ጥያቄ

ከዚህ በታች የማወጋውን ሁሉ በትክክል አስታውሳለሁ ብዬ አልምልም። ማን ምን እንዳለ ከሞላ ጎደል አውቃለሁ፤ መቼ እንዳለው ግን አንዳንዴ ይምታታብኛል። ይህን የምለው ለትሕትና አይደለም። ነገሩ ራሱ በማስታወስና ባለማስታወስ ላይ የቆመ በመሆኑ አንባቢ ከወዲሁ ቢያውቀው ይሻላል ብዬ ነው።

ባለፈው ሰሞን፣ እዚህ ወልድያ ከእኔ ጋር የምትኖረው የእህቴ ልጅ ሰላም ለቅጥር ፈተና ስታጠና ደረስሁባት። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣች ጀምሮ ሥራ ትፈልጋለች። የምታጠናው በቴሌግራም የሚላኩ የጠቅላላ ዕውቀትና የወቅታዊ ጉዳዮች ጥያቄዎችን ነው፤ ከየአገሩ ተለቅመው ሳይበጠሩ የተቀላቀሉ ናቸው። አንዱን ጮክ ብላ አነበበች፤ የሕንድ ፓርላማ የታችኛው ምክር ቤት ምን ተብሎ ይጠራል የሚል ነበር። ምርጫዎቹን ልትቀጥል ስትል «ሎክ ሳባ» አልኋት።

ቀና ብላ አየችኝ። «ጋሼ፣ ይኸን ደግሞ ከየት አወቁት?» አለችኝ። መልሱን ከትከሻዋ በላይ አሾልቄ ያነበብሁ ሳይመስላት አልቀረም። ያን ዓይነቱን አስተያየት አውቀዋለሁ። በወጣትነቴ መርሳ ላይ እኔና ሁለት ጓደኞቼ አንድ ሰሞን ሙሉ እርስ በርሳችን በዚያ ዓይን ተያይተናል።

የባቡር ሐዲድ ወሬ ገና ሐራ ከተማ ያልደረሰበት ዘመን ነው። ሦስታችንም ዩኒቨርሲቲ ጨርሰን፣ ዲግሪያችንን በጥቁር ገዋን ከተነሣነው ፎቶግራፍ ጋር ግድግዳ ላይ ሰቅለን፣ ወደ ወላጆቻችን ቤት ተመልሰን ነበር። ግርማ የመምህር ልጅ ነው፤ ንግግሩ የተቆጠበ፣ ነገርን ቀድሞ የሚያይ። ሰይድ የአባ ይመር ልጅ ነው፤ አባቱ ከመንገዱ በታች፣ መስኖው በሚያልፍበት ዳርቻ፣ የማንጎና የፓፓያ ማሳ አላቸው። በዩኒቨርሲቲ ሰይድን ያስተማረ አንድ ሕንዳዊ መምህር ወደ አገሩ ሲመለስ ወፍራም መጽሐፍ ትቶለት ሄዷል። በዚያ አገር ለመንግሥት ሥራ የሚፈተኑ ወጣቶች የሚያጠኑት የጠቅላላ ዕውቀት መጽሐፍ ነው። እኛ ሌላ አልነበረንምና እሱኑ ያዝን። የዓለም ክፍል የሚለው ምዕራፍ መጨረሻው ላይ ቢሆንም፣ ምን እንደሚመጣ አይታወቅም ብለን የሕንድን ወንዞች፣ የሕንድን ክፍላተ ሀገር፣ የሕንድን ምክር ቤቶች ከፊተኛው ገጽ ጀምረን ሸመደድን። የራሳችን ምክር ቤት ስንት መቀመጫ እንዳለው ግን እስካሁን ስጠየቅ አመነታለሁ።

የምናጠናው ጠዋት ጠዋት በማንጎው ጥላ ሥር ነው። ወሩ ግንቦት ይመስለኛል፤ ማንጎው መቅላት ጀምሮ ነበርና። የማሽላ ቂጣ በአዋዜ እየተቀባበልን አንዱ ይጠይቃል፣ ሁለቱ ይመልሳሉ፤ የሳተ ተነሥቶ ማንጎ የሚሰርቁትን ጦጣዎች ያባርራል። አባ ይመር ለማሳቸው በነፃ ዘበኛ አገኙ ማለት ነው። ለወቅታዊው ጉዳይ ደግሞ የሬዲዮ ጣቢያዎችን ተከፋፍለን ማታ የሰማነውን ጠዋት እናወራርሳለን።

አባ ይመር የውሃ አባት ነበሩ፤ የመስኖውን ተራ የሚያከፋፍሉ፣ ተራዬ ተሰረቀ የሚል ሲመጣም የሚዳኙ። አንድ ቀን ከቦዩ ሲመለሱ ቆመው አደመጡንና፣ «እናንተ ልጆች፣ ሕንድ አገር ሄዳችሁ ልትሾሙ ነው እንዴ?» አሉ።

«አባባ፣ ፈተና ላይ ምን እንደሚመጣ አይታወቅም እኮ» አላቸው ሰይድ።

«የማይታወቀውን ታዲያ እንዴት አድርጋችሁ ታጠኑታላችሁ?» ብለው አካፋቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ሄዱ።

ከዚያ ጊዜ አንድ ነገር ያለ ጥርጥር አስታውሳለሁ። በዓለም ላይ ከፍተኛ ዝናብ የሚዘንብበት ሥፍራ የት ነው ተብዬ፣ በልጅነቴ የተማርሁትን ቼራፑንጂ አልሁ። ጠያቂው ግርማ ነበር። «እሱ የድሮው ነው፤ መጽሐፉ ማውሲንራም ይላል። ተነሥ፣ ጦጣዋ እየጠበቀችህ ነው» አለኝ። ይህን የማልረሳው ያን ዕለት ላባርራት የሄድሁት ጦጣ የገመጠችውን ማንጎ አናቴ ላይ ስለጣለችብኝ፣ ጓደኞቼም እንባቸው እስኪመጣ ስለሳቁብኝ ነው።

ከዚያ በኋላ ብዙ አልተሳቀም። ወልድያ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ክፍት የሥራ ቦታ ወጣ፤ የሚፈለገው ሰው አንድ፣ ፈተናው ጠቅላላ ዕውቀትና ወቅታዊ ጉዳይ። ሦስታችንም ተመዘገብን። በዚያው ሳምንት የጠዋቱ ወሬ ሳሳ። ሬዲዮ ሰምታችሁ ምን አመጣችሁ ሲባል ግርማ ባትሪ አለቀብኝ ማለት ጀመረ። እኔም የሰማሁትን ሁሉ እንደማላወጣ ልቤ ያውቀዋል። ከሁላችንም ይልቅ ቦታውን አጥብቆ የሚፈልገው ሰይድ ነበር። ዘይነባ የምትባል ልጅ ሊያገባ ሽማግሌ ልኮ፣ ቤተሰቧ ልጃችንን የምንሰጠው ለደመወዝተኛ ነው፣ ሥራ ሲይዝ ይምጣ ብለው መልሰውታል። ሌላም ጠያቂ እንዳለ እየተወራ ነበር።

ፈተናው ሊደርስ ሲል እኔና ግርማ ፎቶ ኮፒ ለማስነሣት ወልድያ ወጣን። ከገበያው በላይ ባለው ዳገት ስናልፍ ሰይድን አየነው። ቅርጫት ሙሉ ማንጎ ተሸክሞ ወደ አንድ ግቢ ገባ። ግቢው ፈተናውን የሚያወጣው የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊ ቤት መሆኑን የነገረኝ ግርማ ነው።

«ማንጎ ነው የያዘው» አልሁት።

«ከላይ ያለው ማንጎ ነው» አለኝ ግርማ።

እሱን ቃል ይዤ ወደ መርሳ ተመለስሁ። ሚኒባሱ ሲሪንቃ ላይ ሰው ሲያወርድና ሲጭን፣ ሰይድ ለምን ወልድያ እንደሚሄድ ሳይነግረን ቀረ እያልሁ አሰላስል ነበር። በማግስቱ ራሱ ነገረን፤ የሰውየው ባለቤት ጭማቂ ቤት አላት፣ ማንጎ የምትወስደው ከአባባ ነው አለ። ሳልጠይቀው ስለነገረኝ ይበልጥ ጠረጠርሁት። ሰው አንዴ ከተጠረጠረ ዝምታውም ንግግሩም ያው ነው።

ፈተናው በአንድ ትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ተሰጠ። ከጥያቄዎቹ አንዱ በዓለም ላይ ከፍተኛ ዝናብ የሚዘንብበትን ሥፍራ ስም በባዶው ቦታ ሙሉ ይላል። ወዲያው በዓይኔ ሰይድን ፈለግሁት፤ አቀርቅሮ ይጽፋል። ይህ ጥያቄ ከመጽሐፋችን ካልወጣ ከየት መጣ፣ መጽሐፉስ በማን እጅ ወደ ኃላፊው ቤት ገባ እያልሁ ጊዜዬን አባከንሁ። እኔ የጻፍሁት ማውሲንራም ነው። ስንመለስ ሰይድም ማውሲንራም እንዳለ ነገረኝ። ግርማ በሚኒባሱ መስኮት የሲሪንቃን የማሽላ ማሳዎች ያይ የነበረ ይመስለኛል፤ መልሶም ከሆነ ያለው ነገር ከአእምሮዬ ጠፍቷል።

ውጤቱ ሲለጠፍ ግርማ አንደኛ፣ ሰይድ በአንድ ነጥብ ዝቅ ብሎ ሁለተኛ ሆኑ። እኔ ከነሱ ርቄ ነበር። የጠረጠርሁት ሰው ተሸንፎ ሳየው ጥርጣሬዬ ማረፊያ አጣ።

ሰይድ በአንድ ነጥብ መበለጡንና ነገሩ እንዳልገባው ለአባቱ ሲነግር አብሬው ነበርሁ። አባ ይመር ሌባ ፍለጋ አልገቡም። «እኔ የውሃ ክስ ሲመጣብኝ የማንንም መሐላ አልሰማም። ማሳው ድረስ እሄዳለሁ፤ ተራው ሳይደርስ ውሃ የሰረቀ ሰው አፈሩ ርሶ ይናገርበታል። አንተም ሂድና ወረቀቱን እይ» አሉት።

እኔን አስከትሎ ወልድያ ሄደ። ኃላፊው ጠና ያሉ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሚሰቅሉ ሰው ናቸው። ሰይድን ሲያዩት ፊታቸው ጠቆረ። ማንጎ ይዞ ወደ ቤታቸው ገባ ተብሎ የተወራው ወሬ እሳቸውም ጋ ደርሷል።

«አባትህን አውቃቸዋለሁ። ማንጎ እንገዛቸዋለን፤ ነጥብ ግን አንሸጥላቸውም» አሉት።

ሰይድ ነጥብ ሊገዛ እንዳልመጣ፣ የተሳተውን ጥያቄ ብቻ ማየት እንደሚፈልግ በትሕትና ነገራቸው። ወረቀቱን አወጡለት። የተሰረዘበት ማውሲንራም ነው። መጽሐፉን ከቦርሳው አውጥቶ ገጹን ገልጦ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ኃላፊው ሽፋኑን ገልብጠው አዩና መልሰው ገፉለት። «ይኸ የሌላ አገር ልጆች የሚፈተኑበት ነው። እኛ የተማርነው ቼራፑንጂ ብለን ነው።»

«ጌታዬ፣ ዝናቡም እኮ የሚዘንበው ሕንድ ነው» አለ ሰይድ።

«ፈተናው ግን ወልድያ ነው።»

ከዚያም ነገሩ እንዲያበቃላቸው ፈልገው ይመስለኛል፣ የግርማን ወረቀት ከክምሩ መዝዘው አሳዩን። በባዶው ቦታ ላይ፣ በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሕፈቱ፣ ቼራፑንጂ ተብሎ ተጽፏል። እኔና ሰይድ ተያየን። ማውሲንራምን ያስጠናን ግርማ ነው። ኃላፊው አስተያየታችንን አይተው፣ ከእኛ የመማሪያ መጽሐፍ ማስረጃ ካላመጣችሁ መልሱ አይለወጥም፤ ሰው መልስ አስቀድሞ አይቷል የምትሉ ከሆነ ደግሞ ምስክር ይዛችሁ አቤት በሉ ብለው አሰናበቱን።

ግርማን ያገኘነው መርሳ፣ ሚኒባሶች በሚቆሙበት ሻይ ቤት ነው። ዳቦውን እያጠቀሰ ነበር። ሰይድ ሳይቀመጥ፣ ዝናቡን ምን ብለህ ጻፍህ ብሎ ጠየቀው።

«ቼራፑንጂ» አለ ግርማ ሳያመነታ።

«ማውሲንራም ነው ብለህ ያስጠናኸን አንተ አይደለህም?»

«ነኝ። ፈተና ላይ የሚጻፈው ግን ፈታኙ የሚያውቀው ነው። ሰውየው በድሮ መጽሐፍ የተማሩ ናቸው። ማንጎው ሥር ስንት ጊዜ ብያችኋለሁ።» ወደ እኔ ዞረ። «አላልሁም? ንገረው እንጂ።»

ሰይድም ዞረብኝ። «እኔ እንዲህ ሲል ሰምቼው አላውቅም። በአላህ፣ አንተ ሰምተሃል?»

ነገሩ ሁሉ በእኔ ትዝታ ላይ ወደቀ። ግርማ ያንን ቃል ከፈተናው በፊት ብሎት ከሆነ ብልጥ እንጂ ሌባ አይደለም። ያን ቀን ሻይ ቤት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ብሎት ከሆነ ግን የተደረሰበት ሰው ሰበብ ነው። ማንጎው ሥር ተቀምጠው በዓይነ ሕሊናዬ አየኋቸው። የግርማን ድምፅ ሰማሁት፤ ግን የሰማሁት አሁን ከፊቴ ከተናገረው ይሁን ያኔ ከተናገረው መለየት አቃተኝ።

«አላስታውስም» አልሁ።

ግርማ፣ ጦጣዋን ታስታውሳለህ፣ እኔን ግን አታስታውስም ብሎ ወደ ሻዩ ተመለሰ። ሰይድ ረጅም ጊዜ አየኝ። ከመሐላ ይልቅ ከባድ ነበር አስተያየቱ። «እንዲያ ከሆነ በምን አፌ አቤት እላለሁ?» አለና መጽሐፉን ብብቱ ሥር ሸጉጦ በመንገዱ ዳር ወደ ታች ሄደ።

አቤቱታውን አላስገባም። የዘይነባ ቤተሰብ በመኸሩ ልጃቸውን ሐራ ለሚያስተምር ሰው ዳሩ። ግርማ ሥራውን ይዞ ኋላም ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረ። ሰይድ በአባቱ ማሳ ቀረ፤ አባ ይመር ካረፉ ወዲህ የመስኖው ተራ በእሱ እጅ ነው ይባላል። በመርሳ ሳልፍ አንዳንዴ መንገድ ዳር አየዋለሁ፤ ደኅና ነህ ወይ እንባባላለን፤ ልጆቼን በስማቸው ይጠይቀኛል፤ ከዚያ ያልፋል።

ይህን ለሰላም ስነግራት ወጣት ናትና ወዲያው ፈረደች፤ ግርማ አይቶታል አለች። ጥቂት ቆይታ፣ ወይም አላየውም፣ እኔም ብሆን ፈታኙን አስቤ እጽፍ ነበር አለች። ከዚያም ቀና ብላ፣ «ግን ጋሼ፣ አሁንስ ትዝ አይልዎትም?» አለችኝ። አይለኝም። ዓመታት ሲጨመሩ ነገሩ ይጠራልኛል ብዬ ነበር፤ ይልቁንም ግርማ ያንን ቃል ማንጎው ሥር ሲናገር የማየው ምስል እየደመቀ ሄደ። እየደመቀ በመሄዱም ይበልጥ እጠራጠረዋለሁ፤ እውነተኛ ትዝታ ሲያረጅ ይደበዝዛል እንጂ እንዲህ አይታደስምና።

ሊጣራ የሚችለውን ብቻ አጣራሁ። መጀመሪያ በሰላም ስልክ ኢንተርኔት ላይ ፈለግሁ፤ በአንድ ምንጭ አላምንምና በማግስቱ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ሌላም አገላበጥሁ። ሁለቱ ሥፍራዎች እዚያው ሕንድ ውስጥ፣ በአንድ ኮረብታማ ክፍለ ሀገር የሚገኙ ጎረቤታሞች ናቸው። ቼራፑንጂ በአንድ ዓመት ውስጥ በወረደ ዝናብ የያዘችው የቆየ ክብረ ወሰን አላት። በዓመታዊ አማካይ ግን በዓለም ላይ ከፍተኛ ዝናብ ይወርድባታል ተብላ የተመዘገበችው ማውሲንራም ናት። የሰይድ መልስ ትክክል ነበር።