ከጭሱ ውስጥ ያስገባሁት ስም

ለነፍስ አባቴ እንኳ ያልተናገርኩት ይኸው ነው፦ በሕይወት የኖረን ሰው በሕፃንነቱ ሞቷል ብዬ በሐሰት ማልኩ። በመሐላዬም ሴት ልጁን ከአያቶቿ ርስት አስወጣኋት።

ያደግሁት መካነ ሰላም አጠገብ፣ በአያቴ እጅ ነው። በኅዳር በሽታ፣ ያ ጉንፋን አገር በጨረሰ ጊዜ፣ እናትና አባቷ ሲያልቁ እሷ ገና ልጅ ነበረች። ቀባሪ ጠፍቶ ሙስሊሙ ጎረቤታችን ብቻውን ቆፍሮ ቀበራቸው። ጡት ያልጣለውን ትንሽ ወንድሟን ወሰደው፤ ሚስቱ አጥብታ አሳደገችው። እናቱ ካሴ ያለችውን እነሱ ይማም አሉት።

በየዓመቱ ኅዳር ሲታጠን፣ ሰፈሩ ቆሻሻውን ሰብስቦ ሲያቃጥል፣ አያቴ ጭሱ ዳር ቆማ የሟቾቿን ስም ትጠራለች። የካሴን አትጠራም። "እሱ አለ። እኔ ስሞት ምስክሩ አንቺ ነሽ" ትለኝ ነበር።

አያቴም ይማምም ካለፉ በኋላ ልጁ ዘይነባ የአባቷን ድርሻ ልትጠይቅ ሽማግሌ ፊት ቆመች። ያን ጊዜ ርስት የሚገኘው በትውልድ ቆጠራ ነበር።

"በይ ልጄ፣ አያትሽ የነገረችሽን ተናገሪ" አሉኝ።

"ካሴ ከእናቱ ጋር ሞቷል፤ የሷ አባት የጎረቤታችን ልጅ ነው" አልኩ። ማልኩም። ለምን? ልጆቼ እንዳይራቡ? አልተራቡም። ከወንዙ ዳር ያለችው መረሬ መሬት አሳሳችኝ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። ቆሎ እንኳ ለልጆች እኩል ካልተዘገነ የምጮኸው እኔ!

የዋሸሁት ያን ቀን ብቻ መስሎኝ ነበር። ግን ከአያቴ በኋላ ኅዳር ሲታጠን ስሞቹን የምጠራው እኔ ነኝ፤ ጎረቤትም ይሰማል፤ ካሴን ከሟቾቹ ጋር መጥራት ግድ ሆነብኝ። ርስት በአዋጅ ከቀረ በኋላም ጠራሁት። በየዓመቱ ገደልኩት። እናንተስ ይህን ምን ትሉታላችሁ?

ዘንድሮ ዘይነባ ደጅ ሄጄ እግሯ ላይ ወደቅሁ። አላነሳችኝም።

"አብሽሪ እንድልሽ ነው የመጣሽው? አልልሽም" አለች። "መሬቱስ የአላህ ነው፣ ሄደ። አባቴን ግን በሰው ፊት ገድለሽ እኔ ጓዳ ታስነሺዋለሽ? ኅዳር ይምጣ። ያ ሁሉ ጎረቤት በቆመበት፣ እሳቱ ዳር፣ ካሴ በሕፃንነቱ አልሞተም በይ። እኔም መጥቼ እሰማለሁ። ይቅርታሽን ከዚያ ወዲያ ጠይቂኝ።"