የዘይነብ ጉንጭ

ባለፈው ሐሙስ ልጄን ቤዛን ይዤ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። "ይዤ" ልበል እንጂ ድራይቭ ያደረገችው እሷ ናት፤ የእኔ ሥራ ጎን ተቀምጦ "ቀስ በይ" ማለት ነው። ሰርጓ ሦስት ወር ቀርቶታል። ከአፍንጫዋ ሥር ወደ ከንፈሯ የሚወርደውን መስመር ፊለር በሚሉት ነገር ልታስሞላ ነው። እኔ መስመሩ አይታየኝም። መነጽሬን አድርጌም አይታየኝም።

መጠበቂያው ክፍል ውስጥ የምትፈርመው ወረቀት ሰጧት። በትከሻዋ በኩል አጮልቄ አነበብኩ። ከመርፌው በኋላ ቆዳው ቢነጣ፣ ከባድ ሕመም ቢሰማ፣ ሳይውል ሳያድር ይደውሉ ይላል። ሹራቤን እስከ አንገቴ ቆለፍኩ።

"ማሚ፣ ሪላክስ! የሚወጉት እኮ እኔን ነው" ብላ ሳቀችብኝ።

"ኤሲውን አብዝተውት ነው" አልኳት። ዋሸሁ። የታየችኝ ዘይነብ ናት።

ዘይነብ የደሴ ልጅ ናት። በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ ከፌርፋክስ ጎዳና ሁለት መንገድ ገባ ብሎ ባለች አንድ መኝታ ቤት አብረን እንኖር ነበር። ያኔ ሰፈሩ እንደ ዛሬው በአገራችን ስም አይጠራም፤ ቢበዛ አንድ ምግብ ቤትና በርበሬ የምናገኝበት አንድ ሱቅ ቢኖር ነው። እኔ ሆቴል ውስጥ አንሶላ አጥፋለሁ፤ እሷ ዊልሻየር ጎዳና ላይ ካለ የቢሮ ሕንፃ ሥር፣ መኪና የሚያቆሙ ሰዎች ትኬት በሚቆርጡባት ጠባብ የመስታወት ቤት ውስጥ ትውላለች። ጠዋት ጠዋት ከአይሁዶቹ ዳቦ ቤት ትኩስ ዳቦ ገዝተን እየቆረስን አውቶቡስ እንጠብቃለን። ስትስቅ አላፊ አግዳሚው ይዞራል፤ እንደዚያ ያለ ሳቅ ነበራት።

ጉንጭ ግን አልነበራትም። ሱዳን በስደት የቆየችባቸው ሁለት ዓመታትና ወባው በልተውባት መጥተዋል። ሌላው ሰውነቷ ሲመለስ ጉንጯ እንደጎደጎደ ቀረ። እዚህ አገር ያስመሰግናታል፤ ፈረንጆቹ "ሞዴል ነሽ ወይ?" ይሏታል። እናቷ ግን ፈረንጅ አይደሉም።

ስለ እናቷ ትንሽ ልንገራችሁ፣ ነገሩ ሁሉ የመጣው ከዚያ ነውና። የዘይነብ ታላቅ ወንድም በሰው አገር ሲሞት ቤተ ዘመዱ ተመካክሮ ከእናቱ ደበቀው። መርዶ መደበቅ እንደ እኛ የሚችልበት የለም፤ ቀን እንጠብቃለን፣ ለልቧ ይከብዳታል እንላለን። አንድ ዓመት ከምናምን ሙሉ "ደህና ነው፣ ሥራ በዝቶበት ነው" የሚል ደብዳቤ እየጻፉ ሲያነቡላቸው ኖሩ። በኋላ እውነቱ ሲወጣ እሳቸው ሁለት ጊዜ ነው ያዘኑት፤ አንዴ ለልጃቸው፣ አንዴ በሳቁበት ዓመት። ከዚያ ወዲህ ደብዳቤ አያምኑም። የሚያምኑት ፎቶ ብቻ ነው። ፎቶውን ወደ መስኮት ወስደው፣ ገለባብጠው፣ ፊት ይመረምራሉ።

አንድ ቀን ደብዳቤያቸው መጣ። ዘይነብ ኩሽና ቆማ ጮክ ብላ አነበበችልኝ። "ፎቶሽን አየሁት። ጉንጭሽ የት ሄደ? ታመሽ ነው የደበቃችሁኝ? እንደ ወንድምሽ ልታደርጉኝ ነው? እህል አልወርድልኝ ብሎኛል።"

ደብዳቤውን ታጥፈዋለች፣ ትዘረጋዋለች። "ሰማሽ ጽጌ፣ በእኔ ጉንጭ ምክንያት እናቴ ልትሞት ነው።"

ከዚያ ማወፈር ጀመርን። ጠዋት አጥሚት፣ ማታ አጥሚት። አቮካዶ በማር፣ ዶናት፣ በቅቤ የተዋጠ ገንፎ። አንድ ወር ሙሉ በላች። መስታወት ፊት ቆመችና ዞራ ዳሌዋን መታ መታ እያደረገች፣ "ወላሂ ሁሉም ወደዚህ ነው የሚሄደው! የዚህን ፎቶ ልላክላት?" አለችኝ። መሬት ተቀምጠን ሳቅን። አብረን ለመጨረሻ ጊዜ የሳቅነው ሳቅ ያ ይመስለኛል።

በዚያው ሰሞን ጎረቤታችን እትዬ ወይንሸት ወደ አገር ቤት ሊሄዱ ተነሡ። የደሴ ሰው ናቸው፤ የዘይነብን እናት ሳያዩ አይመለሱም። ጉዞው ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። "ፎቶ አዘጋጂ፣ በእጄ ነው የምሰጥልሽ" አሏት።

ዘይነብ ከሥራ ቦታዋ የሰማችውን ይዛ መጣች፤ ጉንጭ በመርፌ ይሞላል አሉ። አንድ ሐኪም ዘንድ ሄድን፣ እኔ አስተርጓሚ ሆኜ። ሐኪሙ ትዕግሥተኛ ሰው ነበር። መድኃኒቱ ከላም ቆዳ እንደሚወጣ፣ መጀመሪያ ክንዷ ላይ ጥቂት ወግቶ አንድ ወር መጠበቅ እንዳለበት፣ ያ ቦታ ካላበጠና ካልቀላ ብቻ ፊቷን እንደሚነካ አስረዳኝ።

"ላሟን ማን ነው ያረዳት? የእስላም ናት የክርስቲያን?" አለች ዘይነብ።

"ይህንን ልጠይቀው?"

"ጠይቂው እንጂ! አፌ ያልገባ ሥጋ በጉንጬ ይግባ?"

አልጠየቅኩትም፣ አፈርኩ። ከቀልዷ በታች ግን ቁም ነገር እንደነበረ በኋላ ነው የገባኝ። ወሩን ለመጠበቅም ጊዜ አልነበረንም፣ ላሟም አልተዋጠችላትም። ሶ፣ ሌላ ፈለገች። አብራት የምትሠራ ልጅ ቤቷ ሆና የምትወጋ ሴት ጠቆመቻት፤ ከእንስሳ ያልሆነ፣ መጠበቅ የሌለው፣ በአንድ ቀን የሚያልቅ። የሄድነው በእኔ መኪና ነው። ጃካራንዳው አብቦ፣ መንገዱ ሁሉ ወይን ጠጅ አበባ ተነጥፎበት፣ ጎማችን እየረገጠው ሄድን።

የሴትየዋ ቤት ንጹሕ ነበር። ይህ አታለለን። ነጭ ጋዋን ለብሳለች፤ ፈሳሹ ግን ምንም ጽሑፍ የሌለበት ብልቃጥ ውስጥ ነው። "ምን እንደሆነ ጠይቂያት" አለችኝ ዘይነብ። ጠየቅኳት። "ሐኪም ቤት ያለው ዓይነት ነው" አለችኝ። ስሙን አልነገረችኝም፣ እኔም ደግሜ አልጠየቅኩም። ለዘይነብ "የሐኪም ነው፣ ኦኬ ነው" አልኳት። "ኦኬ ነው" ያልኩት ከራሴ ነው።

የቀኙ ጉንጭ በደህና አለፈ። ግራው ላይ ዘይነብ ጮኸች። ጥርሷ ድረስ፣ ዓይኗ ድረስ እንደተቃጠለች ነው የተናገረችው። አየሁ፤ ከአፍንጫዋ ጎን እስከ ከንፈሯ ቆዳዋ እንደ ኖራ ነጣ። ሴትየዋ አሻሸችውና በረዶ ሰጠችን። "ሁሉም ሰው እንዲህ ይሆናል" አለች። መኪና ውስጥ ዘይነብ እጄን ያዘች፦

"ጽጌ፣ በሞቴ፣ ለማንም እንዳትናገሪ። እትዬ ወይንሸት ከሰሙ እናቴ ሰማች ማለት ነው።"

"በሞትሽ፣ አልናገርም" አልኳት።

በማግሥቱ የነጣው ቦታ በልዞ እንደ መረብ ዝንጉርጉር ሆነ። በሦስተኛው ቀን ውኃ የቋጠሩ ሽፍታዎች በከንፈሯ ጠርዝና በጉንጯ ላይ ወጡ። እትዬ ወይንሸት የሚወስዱትን ዕቃ ሊረከቡ መጥተው ገና ከበሩ ሲያዩዋት ሻንጣቸውን ጣሉ።

"ኧረ ምች ነው! ምች መቶሻል! ምን በልተሽ ነው ፀሐይ ላይ የወጣሽው?"

ዘይነብ በዚያ በተጣመመ አፏ፣ "ዓሣ በልቼ ወጥቼ ነበር እትዬ" አለች። ዞራም አየችኝ። አስተያየቷ ገባኝ።

እትዬ ወይንሸት በረንዳቸው ላይ በቆርቆሮ የተከሏት ዳማከሴ ነበረቻቸው። ቀጥፈው አመጡ፣ በመዳፋቸው አሽተው ጉንጯ ላይ ጨመቁ፣ ገላዋን አሹ። ከመንገዱ ዳር የባሕር ዛፍ ቅጠል አስለቅመው አፍልተው፣ አንሶላ አከናንበው አጠኗት። የሚያደርጉት ሁሉ በፍቅር ነው። ምች ቢሆን ኖሮ ባልከፋ። እኔ ድስቱን ይዤ ቆሜያለሁ። "ላብ ላብ ይበላት፣ ነገ ትነሣለች" ይላሉ። አንሶላው ውስጥ ዘይነብ ስታቃስት ይሰማኛል። ምች እንዳልሆነ በዚያ ቤት ውስጥ የምናውቅ ሁለት ነን፤ ከሁለታችን አፍ ደህና የሆነው የእኔ ነው።

ሁለት ቀን እንዲህ ሄደ። በአምስተኛው ቀን ጠዋት ጉንጯ ጠቆረ፣ ሸተተ። ያኔ ነው ሆስፒታል የወሰድኳት። ሐኪሟ ምን እንደተወጋች፣ መቼ እንደተወጋች ጠየቀችኝ። የደም ሥር ውስጥ የገባ ሲሊኮን የሚሉት ፈሳሽ ሳይሆን አይቀርም፣ ደሙን ዘግቶ ሥጋውን ገድሎታል አለችኝ። "በመጀመሪያው ሰዓት ብትመጡ የምንሞክረው ነገር ነበር" አለችኝ። ይህንን ለዘይነብ አልተረጎምኩላትም።

የሞተውን ሥጋ አነሡት። ከአፍንጫዋ ክንፍ እስከ ላይኛው ከንፈሯ ጎድጎድ ያለ ጠባሳ ቀረ፤ ከንፈሯ ወደ ላይ ተሳበ። ሳቋ አብሮ ሄደ፤ አፏን በእጇ ሳትሸፍን ስትስቅ ከዚያ በኋላ አይቼ አላውቅም።

እትዬ ወይንሸት ያለ ፎቶ ሄዱ። ያዩትን ካልተናገሩ ሆዳቸው የሚነፋ ሴት ናቸው፤ ግን ዘይነብ እግራቸው ላይ ወድቃ "ደህና ናት ይበሉልኝ፣ አደራ" ብላ ለምናቸው ነበር፣ ያንን አደራ ጠበቁ። ደሴ ገብተው፣ "ደህና ናት፣ ሥራ በዝቶባት ነው" አሉ።

"ፎቶዋስ?" አሉ እናት።

"ስጣደፍ ረሳሁት።"

እናት ሌላ ነገር አልጠየቁም። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለቅሶ ተቀመጡ። ጎረቤት ቢለምን፣ ዘመድ ቢምል አልተነሡም። ይህንን ቃል ያውቁታል፤ አንድ ዓመት ሙሉ ሰምተውታል።

ወሬው ሲደርሰን ዘይነብ ስልክ አስያዘች። እናትየውን ደሴ ቴሌ አስጠርተው አመጡልን። እኔ አጠገቧ ጆሮዬን አስጠግቼ ተቀምጫለሁ።

"እማ፣ እኔ ነኝ! ዘይነብ ነኝ! አልሞትኩም!"

መስመሩ ሲንሿሿ ቆየ። ከዚያ የደከመ ድምፅ መጣ፦ "ድምፅሽ የልጄን ይመስላል፣ የእኔ እናት። ልታጽናኚኝ ብለሽ ነው። አላህ ወሮታሽን ይክፈልሽ።"

ዘይነብ ስልኩን ዘጋች። በማግሥቱ ብቻዋን ፎቶ ቤት ሄደች። ሻሽ አላደረገችም፣ ፊቷን አላዞረችም። ጠባሳውን ለመብራቱ ሰጥታ ተነሣችና ላከችው።

መልሱ ከወር በላይ ቆየ። "አሁን አመንኩ" ይላል ደብዳቤው። "ሊያታልሉኝ ቢሆን ቆንጆውን ይልኩልኝ ነበር። ማን ነው እንዲህ ያደረገሽ ልጄ?"

ዘይነብ ይህን አንብባ ወደ እኔ ቀና አለች። ክፉ ቃል አልወጣትም። "አንቺ እንኳ ብትናገሪ ኖሮ" አለችኝ፣ ቀስ ብላ።

"አስምለሽኝ እኮ ነው" አልኳት።

"አዎ፣ አስምዬሽ ነበር" አለች። በዓመቱ ወደ ሌላ ከተማ ሄደች። በዒድ እደውልላታለሁ፣ በፋሲካ ትደውልልኛለች። ደህና ነሽ፣ ደህና ነኝ እንባባላለን።

ቤዛ ወረቀቱን ይዛ እየጠበቀችኝ ነበር። የምትወጋውን ነገር ስም ሐኪሟን እንድትጠይቅ፣ ሳይነግሯት እንዳትተኛ፣ ቆዳዋ ከነጣ ወይም ካመማት ለእኔ፣ ለእጮኛዋ፣ ለመንገደኛም ቢሆን እንድትናገር ነገርኳት። የዛሬው ሊሟሟ የሚችል ነው፣ ቶሎ ከደረሱ ያሟሙታል አለችኝ። ደስ አለኝ። "ማሚ፣ ማን እንዲህ ሆኖ ነው?" ስትለኝ እዚያው ወንበር ላይ ሁሉንም ነገርኳት፤ ከአንዲት ነገር በቀር።

እሷን እዚህ ልጻፋት። ይህን ያህል ዓመት ዝም ያልኩት መሐላ ስላለብኝ ነው ስል ኖሬያለሁ። ሰውም ይቀበለኛል፤ የታመነች ጓደኛ ይለኛል። ግን ያን ቀን የሚፈላውን ድስት ይዤ ቆሜ ሳለ በልቤ የነበረው መሐላው አይደለም። "ማን ወሰዳት? ማን አስተረጎመላት?" ብለው እትዬ ወይንሸት ወደ እኔ ይዞራሉ የሚል ፍርሃት ነው። ለእኔ ፊት ብዬ ነው የእሷ ፊት የሄደው። ዘይነብ ይህንን አታውቅም። በሚቀጥለው ዒድ ስደውልላት፣ ደህና ነሽ ከማለቴ በፊት እነግራታለሁ።